አቤት ያለ ይወስዳል

ጥቅምት 8

ይድረስ ለጭራሮዬ፤

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው ከእኔ ጋር የተጣላው። የስፌት መኪናዬም እንደ እኔው ያቃስታል እንጂ አልቆመም። አንቺ ግን መቼም አትለወጪ! «እትዬ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ዓይንሽስ፣ ጎረቤቶችሽስ» እያልሽ ሁለት ገጽ ከሞላሽ በኋላ ዋናውን ነገር ከፊርማሽ በላይ ባለች አንዲት መስመር ውስጥ ወሽቀሽ ትልኪልኛለሽ። ሰባት ወር መግባትሽ እንዲህ ነው የሚነገረው? ቆሜ ነበር ሳነብ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ የደስታ ነው፣ አትጨነቂ። ጭራሮ እያልን ያሳደግንሽ ልጅ ሆድ አውጥተሽ ሳላይሽ መቅረቴ ግን አንጀቴን በላው።

ያልሽኝ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ከቀያሹ ጋር መፋታትሽን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ካላቀረብሽ ልጁ በእሱ ስም ነው የሚመዘገበው። አናጢው አጠገብሽ ቆሞ «አባቱ እኔ ነኝ» ቢል እንኳ፣ መታወቂያሽ ላይ ያለው ባል ቀያሹ ስለሆነ ማንም አይሰማውም። እኔው አሳድጌ፣ እኔው ድሬ፣ እኔው አፋትቼ አንዲት ወረቀት ማምጣት ያቅተኛል? በማግስቱ ሄድኩ።

ፍርድ ቤቱ አንቺ ከሄድሽበት ከሦስት ዓመት ወዲህ ያገኘው ለውጥ ቢኖር ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ መቀባቱ ነው። መዝገብ ቤቱ አሁንም ከኋላ በኩል ነው፤ በሩ ከላይ ክፍት ከታች ዝግ፣ ባለጉዳይ ክርኑን አስደግፎ የሚለምንበት። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ መዝገቡ ሁሉ ተጣብቋል፤ ክፍሉ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል። ሠራተኛዋ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ በፀጉር ማስያዣዋ አንድ በአንድ ገጽ ስታላቅቅ ደረስኩ። ደግ ናት፤ ግን ደንብ ከሚጓደልባት ጣቷ ቢቆረጥ ትመርጣለች።

መዝገባችሁ አለ። በእሱ ስም ነው የተከፈተው፤ አመልካች አድርገው የጻፉት እሱን ነው። «ግልባጭ የሚሰጠው ግን በጥሪ ነው» አለችኝ። አንድ ጊዜ የአንድ ባለጉዳይን የፍቺ ወረቀት ወንድሙ ወስዶ ቤቱን ሸጦበት ጉድ ፈልቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ፦ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ስም የሚጠራው ችሎት አስከባሪ ግቢው መሃል ይቆምና የሁለቱንም ወገን ስም ከነአያት ይጠራል፤ መጀመሪያ መዝገቡ የተከፈተበትን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አቤት ያለ ይወስዳል። በሦስት ሐሙስ ማንም አቤት ካላለ ለጠየቀው ዘመድ ይሰጠዋል። አንዴ ከወጣ ግን ሌላ ግልባጭ እስከ ዓመት የለም፤ ወረቀቱ በየጊዜው ከተገለጠ ይበጣጠሳል አለችኝ።

ትናንት የመጀመሪያው ጥሪ ነበር። የሰውዬው ድምፅ እስከ መናኸሪያው ይሰማል። የእሱን ስም ጠራ፣ ዝም። ያንቺን ጠራ፣ ዝም። የተጠራሽው አንቺ፣ የደነገጥኩት እኔ። ሁለት ሐሙስ ዝም ካሉልን ወረቀቷ የእኛ ናት።

ደብዳቤውን ለጭነት መኪናው ሾፌር እሰጠዋለሁ። እንዳዘዝሽኝ የት እንደሚያደርሰው አልጠየቅኩትም፤ መጠየቅ ግን ምላሴን እየበላኝ ነው።

አክስትሽ

*

ጥቅምት 15

ለእናትም ለአባትም ለሆንሽኝ እትዬ፤

ስልክ ቁጥሬን ስላልሰጠሁሽ አትቀየሚኝ። ካንቺ ሰውሬ አይደለም፤ ስልክሽን አንስቶ ከሚያይ ሰው ሰውሬ ነው።

አዎ፣ እየበላሁ ነው፤ አዎ፣ እግሬን ከፍ አድርጌ ነው የምተኛው። አናጢው ደህና ነው። ለልጁ ልብስ ማስቀመጫ መደርደሪያ ሠርቶ ጨረሰና በበሩ አልገባ አለው፤ አሁን ውጭ በረንዳው ላይ ዶሮ ሰፍራበታለች። ሰው ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል። እንዲህ ያለ ወንድ መኖሩን ረስቼ ነበር።

ስለ ቀያሹ ሁልጊዜ ለምትጠይቂኝ ጥያቄ መልሴ ያው ነው፤ መትቶኝ አያውቅም። ጮሆብኝም አያውቅም። ቢጮህ ኖሮ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እሱ የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ቀድሞኝ የሚገኝ ሰው ነው። ገበያ ስሄድ፣ ጓደኛዬ ቤት ስገባ፣ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አይቶ ፈገግ ይላል። ሥራ ሲሄድ በሩን ከውጭ ይቆልፍብኝ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም፤ አሁንም እንዳልነገርኩሽ ቁጠሪው።

ወረቀቱንም ያልወሰድኩት በስንፍና አይደለም። ዳኛው «ፍቺው ጸድቋል» ብለው ቀና ሳይሉ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «በይ ቤት እንሂድ» አለኝ። እትዬ፣ እየቀለደ አልነበረም። ከዚያ ዋናው በር ላይ ሄዶ ቆመ። እኔ በጽዳት ሠራተኞቹ ክፍል በኩል ወጥቼ የመጀመሪያው መኪና ላይ ነው የተሳፈርኩት።

ስለዚህ ስሜ ግቢ መሃል በጩኸት ተጠራ ስትይኝ መስመሯን ደጋግሜ አነበብኳት። ማን ማን ነበር እዚያ? በሚቀጥለው ሐሙስ ዙሪያሽን እዪ። ማንም ስለ እኔ ቢጠይቅሽ ምንም አላውቅም በይ፤ ሞታለች ቢሉሽም ዝም በዪ። ዝም ማለት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ ለዚህች አንዲት ጊዜ ብቻ።

ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከላውንደሪው መስኮት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ይታዩኛል። የሆስፒታሉን አንሶላ ሳሰጣ ንፋሱ ከሐይቁ ይመጣና ሆዴ ላይ ይጠቀልልብኛል፤ ልጁም ይራገጣል። ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ካንቺ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ልጅሽ

*

ጥቅምት 22

ይድረስ ለልጄ፤

እልል በይ! ሁለተኛውም ጥሪ ዝም ሆኖ አለፈ። አንዲት ሐሙስ ብቻ ቀረችን።

አሁን ደግሞ ሳትደነግጪ አንብቢ። እሱ እዚያ ነበር። አንቺን ብሎ መጥቶ አይደለም፤ የድንበር ክርክር ሲኖር መሬቱን የለካው እሱ ስለሆነ ለምስክርነት ይጠሩታል። ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጫማውን አቧራ በወረቀት ይጠርጋል። ችሎት አስከባሪው ስሙን ከነአያቱ ሲጠራ ቀና እንኳ አላለም። ያንቺ ስም ሲጠራ ግን ጫማውን መጥረግ አቆመ።

ከዚያ ተነሥቶ መጣና እጅ ነሣኝ። ክስት ብሏል፤ ልብሱ ግን ያው እንደ ድሮው፣ አንድ መስመር አልተሸበሸበም።

«እትዬ፣ እንዴት ከረሙ?» አለኝ።

«ስምህ ሲጠራ አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ። ምን አስቸኮለኝ?»

እስከዚህ ድረስ እንዳዘዝሽኝ ነኝ፤ አፌን ከርችሜ ይዣለሁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወንበር ሙሉ ሰው እየሰማው፣ «መቼም ያሳዝናል» አይለኝም! «ያቺ ልጅ ሰው አገር ወድቃ ትለምናለች ሲሉ ሰማሁ። ወረቀቱ ለእርዳታ ማመልከቻ ነው አይደል? ካስፈለጋት እኔም ትንሽ ነገር እልካለሁ።» አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡልሽ። እኔ ቀን ከሌት እየሰፋሁ ያስተማርኩሽ ልጅ፣ ላንቺ ከንፈር ይመጠጥ? ቆሽቴ አረረ።

«ስማ አንተ!» አልኩት። «የምትለምን ሌላ ፈልግ! እሷ የሆስፒታል ደሞዝተኛ ናት! ሐይቅ እያየች፣ ጀልባ እያየች ነው የምትሠራው! ባሏ እጁ የተባረከ አናጢ ነው! ልጅም ልትወልድ ነው፤ አንተ እንግዲህ ጫማህን ጥረግ!»

ግቢው በሳቅ አለቀ። ችሎት አስከባሪው ሳይቀር ፊቱን አዞረ። ቀያሹ ግን አልተቆጣም። «እንኳን ደስ ያላት» አለኝ። «ስንተኛ ወሯ ነው?»

«ሰባት ሞልቷታል» አልኩት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

በጣቶቹ ቆጠረና «እንግዲያው በታኅሣሥ ነው» ብሎ እጅ ነሥቶኝ ሄደ። ከእንግዲህ ለማኝ ናት ብሎ በሰው ፊት አያወራም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባትቆጪኝ ደስ ይለኛል። ብትቆጪኝም ደህና ነው፤ አንቺ ብትሆኚ ዝም ትዪው ነበር?

አክስትሽ

*

ጥቅምት 29

እትዬ፤

ደብዳቤሽን አነበብኩና ለአናጢው ሰጠሁት። እሱም አንብቦ ወጣ፤ ተመልሶ በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ገጠመ።

አልተቆጣሁሽም። እንድትናገሪ ያደረገሽ እሱ ነው። እኔንም እንዲህ ነበር የሚያናግረኝ፤ ያልሠራሁትን ሠራሽ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ላስተባብል ስል የዋልኩበትን፣ ያገኘሁትን ሰው፣ ሁሉንም እዘረግፍለታለሁ። ማታ ስተኛ ነበር ምን ምን እንደነገርኩት ቆም ብዬ የማስበው። ሆስፒታል ያለው የሐይቅ ዳር ከተማ ስንት አለ? ካርታ ማንበብ ደግሞ ሥራው ነው።

ሰኞ ዕለት አንድ ሰው መጥቶ እንደነበር ዘበኛው ነገረኝ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ብሎ የላውንደሪውን አጥር በሜትር ለክቷል። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው መሰለሽ» አለኝ ዘበኛው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ካለች አቧራው እንዳይጎዳት ብሎ የሥራ ፈረቃዋን ጠይቆታል። ዘበኛውም ነግሮታል። ምን ያድርግ፣ ለእኔ ብሎ እኮ ነው።

እኔ ያን ቀን እረፍት ነበርኩ።

ዛሬ ሥራ ለቀቅኩ። ነገ በጠዋት እንሄዳለን። ወዴት እንደሆነ ለሾፌሩም አንነግረውም፤ ደብዳቤሽን ለአናጢው እናት ይስጣት፣ እሷ ታደርስልኛለች። ለሆስፒታሉ ሰዎች ደህና ሁኑ ሳልል መሄዴ ከምንም በላይ አሳፍሮኛል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የፊታችን ሐሙስ እሱ አቤት እንዳይል አድርጊ። እንዴት እንደምታደርጊው አላውቅም። ያን ዕለት ዝም ያለው ወረቀቱ ስላላስፈለገው ነበር፤ አሁን ግን ስንተኛ ወሬ እንደሆነ ያውቃል። ወረቀቱ በእጄ ከሌለ ልጄ በሕግ የእሱ ነው። ልጁ የእሱ ከሆነ ደግሞ እኔን መፈለግ መብቱ ይሆናል፤ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ልጄን ይዛብኝ ጠፍታለች» ብሎ ማመልከት ይችላል። እስከ ዛሬ የሸሸሁት ሰውን ነበር። ከሕግ እንዴት እንደሚሸሽ አላውቅበትም።

እንዳትታመሚብኝ። ይህን የጻፍኩት እንድታውቂው ነው እንጂ ራስሽን እንድትበዪ አይደለም።

ልጅሽ

*

ኅዳር 11

ይድረስ ለልጄ፤

ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር እንደምትዪኝ አውቃለሁና ያ ነው የሚያንገበግበኝ።

ነገሩን ላቆይሽ አልፈልግም። ወረቀቱን እሱ ወሰደው።

እንዳልሞከርኩ እንዳታስቢ። ከሐሙሱ በፊት መዝገብ ቤት ሄጄ ሠራተኛዋን እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። «ሰውዬው አደገኛ ነው» አልኳት። «ከሰሳችሁት?» አለችኝ። አልከሰስነውም። «እንግዲያው እሱም እንደ ልጅዎ ባለጉዳይ ነው» አለችኝና እንባ አቀረረች፤ ግን ደንቧን አልለቀቀችም። ከዚያ ችሎት አስከባሪውን ያዝኩት። የደንብ ልብሱን የምጥፍለት እኔ ነኝ፤ ክርኑን ስንቴ እንዳዳንኩት እሱና እኔ እናውቃለን። «የእነሱን ስም ስትጠራ ድምፅህን ዝቅ አድርግልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም» አልኩት። አሰበና «ቀስ ብሎ መጥራትን የሚከለክል ደንብ የለም» አለኝ።

ቃሉን ጠበቀ። መናኸሪያው ድረስ የሚሰማው ሰውዬ ያን ዕለት ምሥጢር እንደሚነግር ሰው አጉተመተመ። እኔ ከአምስት እርምጃ ርቀት ቆሜ አልሰማሁትም። ቀያሹ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከጎኑ ቆሞ ነበር። «አቤት» አለ፣ እሱም ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግኩ ለራሴም ይገርመኛል። ያንቺ ስም ሳይጠራ በፊት «አቤት! አቤት! አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀ። ሠራተኛዋ ግን አልሳቀችም፤ «እማማ፣ እባክዎ» ብላ ማኅተሙን መታችለት። እሱ ወረቀቱን እፍ እፍ እያለ ቀለሙን አደረቀና በላስቲክ ከትቶ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባው።

ዕለቱን ከሥራ ሲወጣ ቤቴ መጣ። በማግስቱም መጣ። ይኸው በየቀኑ ይመጣል። ልብስ የሚለኩ ደንበኞች የሚቀመጡባት ወንበር ላይ ይቀመጥና ወረቀቷን ከስፌት መኪናው አጠገብ ያስቀምጣታል፤ እጁን ግን ከላይዋ አያነሣም። «በእጇ ነው የምሰጣት» ይለኛል። «የት እንዳለች ብቻ ይንገሩኝ።» አላውቅም እለዋለሁ። «እንደማያውቁ አውቃለሁ። እስኪያውቁ እመጣለሁ» ይለኛል፤ ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ። ትናንት «የጃኬቴ አዝራር ላላ» ብሎ ሰጠኝ፤ ሰፋሁለት። እጄ ፈርቶ ነው የሰፋው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

ጎረቤቶቼ «ይህን የመሰለ አማች» እያሉ ያደንቁልኛል። ልነግራቸው እጀምርና ምን ብዬ እንደምነግራቸው ይጠፋኛል፤ ተቀመጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሄደ። የሚያስከስስ ነገር የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። እዚህ ተቀምጦ ሳለ እዚያ የለም። ስለዚህ ይምጣ። ሻይ አፈላለታለሁ፣ ወሬ አወራለታለሁ፣ የምወደውን ወንድ ልጄን እንደማስተናግድ አስተናግደዋለሁ። በወሬ ማንን እንደማታክት አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን ደብዳቤ እሱ ሳይመጣ በፊት እየተጣደፍኩ ነው የጻፍኩት፤ መጣ መሰለኝ።

አክስትሽ

*

ኅዳር 24

ለእትዬ፤

ወልጃለሁ። ሴት ናት። ትንሽ ቀድማ መጣች እንጂ ሙሉ ናት፤ ስታለቅስ ድምፅዋ ካንቺ ነው የተወረሰው፣ ነርሶቹ በር ዘግተው ይስቃሉ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ቀን በጆሮሽ እነግርሻለሁ። ትወጂዋለሽ።

ስለ እኔ አትጨነቂ ልልሽ ነበር፤ ግን ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ። ደም ፈሶኛል። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳልወርድ፣ መኪና ደግሞ ጭራሽ እንዳላስብ አስጠንቅቆኛል። ሻንጣዎቹ እንደታሰሩ አልጋው ሥር ናቸው። አናጢው ቀን ቀን ልጅቷን አቅፎ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ለፀሐይ ነው ይለኛል፣ እኔ ግን መንገዱን እንደሚያይ አውቃለሁ።

ምዝገባው ከሦስት ቀን በፊት አለቀ። ወረቀቱ እስኪመጣ ላቆይ ብዬ ለምኜ ነበር። እዚህ ጤና ጣቢያ ግን ልጅ ሳይመዘገብ እናቱን አያስወጡም፤ መዝጋቢዋ አልጋዬ ድረስ መጥታ መታወቂያዬን ተቀበለችኝ። እንደ እናት ያለች ሴት ናት፤ ትራሴን አስተካክላልኝ ነው ሥራዋን የጀመረችው።

«የፍቺ ወረቀት አለሽ?» አለችኝ።

«አለ፣ ግን እጄ ላይ አይደለም።»

«ሲገኝ ይታረማል፣ የኔ ልጅ። አሁን እዚህ ያለውን ነው የምጽፈው» አለችና የቀያሹን ስም ከነአያቱ በሚያምር ጽሑፍ ጻፈችው። አናጢው ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ «ልጅቷ የእኔ ናት» አላት። «አጎቷ ነህ?» አለችው። ለክፋት አይደለም፤ የሚቀመጥበት ወንበር ልትሰጠው ነው። ወንበሩን ተቀበላትና ተቀመጠ።

እትዬ፣ ያን ቀን አለቀስኩና አለፈልኝ ብዬ ነበር። ስም ነው፣ ይታረማል፣ ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ናት ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሴትየዋ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዛልኝ መጣች። ደስ ብሏታል። አባትየው ሳይገኙ በመቅረታቸው አዝና እንደሰነበተች ነገረችኝ። «ግን አታስቢ» አለችኝ። «አባት ካልተገኘ የልጁን መወለድና የተወለደበትን ጤና ጣቢያ እኛው በደብዳቤ እናሳውቃለን፤ ደንብ ነው። አድራሻቸውን ከመታወቂያሽ ላይ አግኝቼዋለሁ። ምዝገባው ባለቀ በማግስቱ በፖስታ ልኬላቸዋለሁ።»

አመሰገንኳት።

ሾፌሩ ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ይዞ እንዲነሣ አናጢው ለምኖታል፤ ከፖስታው ይቅደም አይቅደም አላውቅም። አሁን የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። ዛሬ መጥቷል? ትናንትስ? እየመጣ ከሆነ እባክሽ አቆዪው። ሳይመጣ የቀረ ቀን ግን እስኪመሽ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሾፌሩን ላኪልኝ።

ልጅሽ